ቁልፍ ፈላጊው

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ስልኬ አቃጨለ፤
«ያ ትንሹ ሰውዬ ስሙ ማን ነው?» አለ፤
እንደምን አመሸሽ፣ ደህና ነሽ ወይ የለ።
ቲቱ ነው፣ ወንድሜ። ስፔን ውስጥ፣ ጎዳና
አቁሞ ያድራል የጭነት መኪና።
«የትኛው ሰውዬ?»
«ያ ቁልፍ የጠፋበት፣
አባባ ጣሪያ ላይ የሚወጣለት።»
እንቅልፌ በረረ።

ጁርጁ ነው ያደግነው፣ ዳኑብ ወንዝ ዳር ላይ፤
ቴሌቪዥናችን በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ነው የሚታይ፤
እሱም ጭብጨባ ነው፤ ንግግር፣ ትራክተር፣
ደግሞ ያው ጭብጨባ። ለልጅ የሚሆን ነገር
ለመድኃኒት አልነበር።
አባባ አንጌል ታዲያ፣ መምሸቱን ጠብቆ፣
ቡልጋሪያን ፍለጋ ጣሪያው ላይ ተጣብቆ
አንቴና ያዞራል፣ ከጎረቤት ተደብቆ።
«አሁንስ?» ይላል ከላይ።
«ዝናብ ነው!» እኛ ከታች።
«አሁንስ?»
«ጉም ለበሰ!»
«አሁንስ?»
«ሰው መጣ! ሰው መጣ! አትንካው!»

ከጨርቅ የተሰፋ፣ ግራ ዓይኑ ሰፋ ያለ፣
ሲራመድ ጉልበቱ በክር የተንጠለጠለ።
የሚለው አይገባን፣ ቋንቋው የማዶ ነው፤
ይኼ ግን ገብቶናል፦ ቁልፍ ነው የጠፋው።
ደረቱን ሲዳብስ «የኮቱ ነው» እላለሁ፤
ቲቱ «የበሩ ነው፤ ውጪ ሊያድር ነው፣ አውቃለሁ»
ብሎ ያለቅሳል። አንድ ሰሞን ጭራሽ
በዚሁ ተኳረፍን፤ ዳኛ የለ፣ መላሽ።

በየማታው አንድ ቤት ያንኳኳል፤ ይገባል፤
ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ይነካካል፤
የራሱን ሳያገኝ የሰው ጠግኖ ይወጣል።
ዳቦ ጋጋሪዋ ጋ። ገንዳ ውስጥ ዓሣ የምታሳድገው ሴትዮ ጋ።
አንድ እግር ያለው ቁራ ጋ።
(ቁራው ሻይ ቢያፈላለት አልጠጣም።
ምክንያቱን እስከ ዛሬ አላውቅም።)

የመጨረሻው ለት፣ ኮረብታው ጫፍ ላይ አንዲት ቤት ቀረችው፤
አንኳኳ። በሩ ገርበብ ሲል ብርሃን ፊቱን ነካው፤
አፉን ሊከፍት ሲል
መብራት ጠፋ።
ሰፈሩ በሙሉ፣ እንደ ልማዱ፣ ጠፋ።
በዚያ ጨለማ ውስጥ፣ ከእኛም ከሰውዬውም የራቀ፣
«አሁንስ?» ይላል አባባ ደጋግሞ፣ ምንም ስላላወቀ።

ዛሬ ሥራዬ ሆኖ፣ ደም አንጎሉ ፈስሶ አንደበቱ የታሰረ ሰው
አልጋ ጠርዝ እቀመጣለሁ፤ የሚለውን ከትከሻው ላነበው፣
ከቅንድቡ ላነበው። «የት ተማርሽ?» ይሉኛል፤
ከጣሪያ በወረደ ዝናብ ውስጥ ብላቸው ማን ያምናል?
ቲቱም ከመሪው አጠገብ አንድ የሰናፍጭ ብልቃጥ
አለው፤ ቁልፍ የሞላው፤ የኮትም፣ የበርም፤
መንገድ ላይ ያገኘው፣ ዝገት ይሁን ጌጥ።

አምና ድልድዩን ተሻግሬ፣ ሩሴ ገበያ መሐል፣
ፔኒዮ የሚሉት ቁልፍ የሚቀርጽ ሽማግሌ አለ፤
የእኛንም ቋንቋ በስብርባሪ ይሞክራል።
ጠየቅኩት። ሳቀብኝ።
«ቁልፍ? የምን ቁልፍ? የውሃ መሥሪያ ቤት ሰው ነው!
የሚያንጠባጥብ ቧንቧ እየዞረ የሚያጠብቀው!
ደረቱን ሲነካ ደብተሩን ነው የሚፈልገው!» አለ፤
ሚስቱ ከኋላው «ያ እኮ ሌላ ነው» ብትል፣ ጭቅጭቁ ቀጠለ።
እኔም የኮቱን፣ የበሩን፣ አሁን ደግሞ የቧንቧውን
ሦስቱንም ቁልፍ ይዤ ተመለስኩ ድልድዩን።
ለቲቱ አልነገርኩትም።

«አገኘው እንዴ?» ይለኛል፤ «ያን ማታ፣ እዚያች ቤት?»
ድምፁ ይቆራረጣል።
«ይሰማሻል? ቆይ፣ ወደ መስኮቱ ልጠጋ። አሁንስ?»
«ዝናብ ነው» አልኩት።
«አሁንስ?»
የሞተር ጉርምርምታ፤ ከዚያ፣ ከሩቅ ቦታ፣
ትንፋሹ ብቻውን ጥርት ብሎ ወጣ።
«አትንካው» አልኩት፤ «አትንካው። ሰው መጣ።»